የጤና ልዩነትን ከነምክንያቱ መናገር፦ ስለ ጤና ፍትሐዊነት ንግግር ለሚያዘጋጁ

ስለ ጤና ፍትሐዊነት የሚደረጉ ንግግሮች አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር ጀምረው በጥሪ ያልቃሉ። በመካከሉ ሊነገር የሚገባው ነገር፣ ማለትም ልዩነቱን የፈጠረው ምክንያት፣ ወይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል ወይ ጨርሶ አይነሳም። አድማጩ የድሃ አገር እናቶች በብዛት እንደሚሞቱ ሰምቶ ያዝናል፣ ያጨበጭባል፤ ምን ይደረግ ቢባል ግን መልስ የለውም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ምክንያቱ ያልተነገረው አድማጭ ክፍተቱን በራሱ ግምት መሙላቱ ነው። ግምቱም ብዙ ጊዜ «ሰዎቹ ስላልተማሩ ነው» ወይም «ወደ ሐኪም መሄድ ስለማይወዱ ነው» የሚል ነው። ስለዚህ በጉባኤ፣ በሥራ ስብሰባ፣ በክፍል ውስጥ ወይም በማኅበረሰብ ፊት ስለዚህ ጉዳይ ለመናገር የሚዘጋጅ ሰው ዋና ሥራው ልዩነቱን ከነምክንያቱ፣ ምክንያቱንም ሊለውጠው ከሚችለው አካል ጋር አያይዞ ማቅረብ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ይህን እንዴት ማድረግ እንደሚቻል ለማሳየት የተጻፈ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከአድማጩ ሥልጣን መጀመር

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ምን የማድረግ ሥልጣን እንዳለው ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሥልጣን በጀት ማዛወር ይችላል። የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ የተመላላሽ ሕክምና ሰዓትን በቀን ሥራ ውለው ለሚገቡ ሰዎች እንዲመች አድርጎ ማስተካከል ይችላል። የጤና ሳይንስ ተማሪ ዛሬ የሚለውጠው ጥቂት ቢሆንም ነገ የሚያጠናውን ርዕስ መምረጥ በእጁ ነው። ለእነዚህ ሁሉ ያንኑ ንግግር ይዞ መዞር የተለመደ ቢሆንም ውጤቱ ደካማ ነው።

ስለዚህ ሌላ ነገር ከመጻፍዎ በፊት የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር በወረቀት ላይ ጽፈው ባዶ ቦታውን ይሙሉ፦ «ከዚህ ንግግር በኋላ እነዚህ ሰዎች … እንዲያደርጉ እፈልጋለሁ።» በባዶው ቦታ የገባው «ግንዛቤ እንዲያገኙ» የሚል ከሆነ ዝግጅቱ ገና አልተጀመረም። «በሚቀጥለው ሪፖርታቸው የክትባት ሽፋንን በገጠርና በከተማ፣ በቤተሰብ የገቢ ደረጃም ለይተው እንዲያሳዩ» የሚል ከሆነ ግን ንግግሩ አቅጣጫ ይዟል፤ ምኑ ገብቶ ምኑ መቅረት እንዳለበት ከዚህ በኋላ መወሰን አይከብድም።

ቀጥሎ የትኛው ልዩነት ፍትሐዊ እንዳልሆነ ለራስ ማጥራት ያስፈልጋል። የ80 ዓመት አዛውንት ከ20 ዓመት ወጣት ይልቅ ብዙ መታመማቸው ልዩነት ነው፤ በደል ግን አይደለም። እንግሊዛዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ኋይትሄድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያስቀመጡት መለኪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ጥያቄው ልዩነቱ ሊቀር ይችል ነበር ወይ፣ እንዳለ መተዉስ ፍትሐዊ ነው ወይ የሚል ነው። ሁለቱንም ጥያቄዎች በማስረጃ መመለስ ካልቻሉ ስለ ሌላ ልዩነት ቢናገሩ ይሻላል።

አድማጩ ጉዳዩን የድሃ አገሮች ብቻ አድርጎ የሚያይ ከሆነ በብሪታንያ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ በ1967 የተጀመረውን የኋይትሆል ጥናት ያንሱለት። በጥናቱ የተካተቱት ወንዶች ሁሉም ሥራ የነበራቸውና የመንግሥት ሕክምና የሚያገኙ ነበሩ። ሆኖም የሥራ እርከናቸው ዝቅ ባለ ቁጥር የሞት መጠናቸው ከፍ እያለ ሲሄድ ታይቷል። ማለትም ችግሩ በጣም ድሃ የሆኑትን ከሌላው ለይቶ የሚመታ ብቻ ሳይሆን ከላይ እስከ ታች በየደረጃው የሚወርድ ነው። ከዚህ ጥናት ጋር ስማቸው አብሮ የሚነሳው ማይክል ማርሞት በኋላ በዓለም ጤና ድርጅት የተቋቋመውን የማኅበራዊ የጤና ወሳኞች ኮሚሽን በሊቀ መንበርነት መርተዋል። በ2008 የወጣው የኮሚሽኑ ሪፖርትም ሰዎች የሚወለዱበት፣ የሚያድጉበት፣ የሚኖሩበት፣ የሚሠሩበትና የሚያረጁበት ሁኔታ የጤና ልዩነት ዋነኛ ምንጭ መሆኑን በስፋት አሳይቷል። እንዲህ ያለ ምሳሌ በአዳራሹ ውስጥ ያለውን ሰው ራሱን በደረጃው ላይ እንዲያገኘው ስለሚያደርግ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

ቁጥርን ማስታወስ በሚቻልበት መልክ ማቅረብ

በ2020 በዓለም ዙሪያ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት 287,000 ያህል ሴቶች እንደሞቱ የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ ገምተዋል። ይህ እንዳለ ቢነበብ አድማጩ የሚይዘው ቁጥሩ ትልቅ መሆኑን ብቻ ነው። በቀን ሲካፈል ወደ 800 ይጠጋል፤ በየሁለት ደቂቃው ገደማ አንዲት ሴት ትሞታለች ማለት ነው። ይህም ቢሆን ብዛቱን ለአእምሮ አቀረበ እንጂ ስለ ፍትሐዊነት ገና ምንም አልተናገረም፤ የትኛዋ ሴት ለሞት ይበልጥ እንደተጋለጠች አልታወቀምና። በዚያው ዓመት በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር ሲሰላ በዓለም አማካይ 223 እናቶች ሞተዋል። ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ግን ቁጥሩ 545፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ደግሞ 4 ነበር። አማካዩ የሁለቱንም እውነት ይሸፍናል፤ ስለ ፍትሐዊነት በሚደረግ ንግግር ውስጥ አማካይ ብቻውን መቆም የሌለበትም በዚህ ምክንያት ነው።

በመድረክ ላይ ይህ እንዲህ ሊባል ይችላል፦ «በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ 100,000 ሕፃናት በሕይወት ሲወለዱ 4 እናቶች ይሞታሉ።» ትንሽ ዝም ይበሉ። «ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች 545።» እንደገና ዝም ይበሉ። ከዚህ በኋላ «ይህ እጅግ አሳዛኝና አስደንጋጭ ነው» ብሎ መጨመር የሚያዳክም እንጂ የሚያጠናክር አይደለም፤ አድማጩ መደንገጥ ካለበት በቁጥሩ ይደነግጣል። በተጨማሪም በአሥር ደቂቃ ንግግር ውስጥ ከሦስት በላይ ቁጥር ባይገባ ጥሩ ነው። የቀሩት ለጥያቄና መልስ ጊዜ በማስታወሻ ላይ ይቆዩ።

በንጽጽር ላይ ብዙ ባለሙያዎችም የሚሰናከሉበት ወጥመድ አለ። ለማሳያ ያህል በተፈጠሩ ቁጥሮች እንመልከተው። በአንድ ቦታ በድሃ ቤተሰቦች ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 100፣ በሀብታም ቤተሰቦች ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 40 ይሞቱ ነበር እንበል። ከዓመታት በኋላ የመጀመሪያው ወደ 60፣ ሁለተኛው ወደ 20 ወረደ። በመቀነስ ካሰላነው ልዩነቱ ከ60 ወደ 40 ጠብቧል። በማካፈል ካሰላነው ግን የድሃው ልጅ የመሞት ዕድል ከሀብታሙ 2.5 እጥፍ የነበረው 3 እጥፍ ሆኗል። አንዱ ተናጋሪ «ልዩነቱ ጠበበ»፣ ሌላው «ልዩነቱ ሰፋ» ቢል የሁለቱም ስሌት ትክክል ነው። ለመልእክቱ የሚመቸውን ብቻ መርጦ ሌላውን የሚደብቅ ተናጋሪ አንድ ስታቲስቲክስ የሚያውቅ ሰው በአዳራሹ ውስጥ ካለ መድረክ ላይ ይጋለጣል። የሚሻለው ሁለቱንም መናገር ነው፦ «በሁለቱም ወገን ብዙ ሕፃናት ተርፈዋል፤ በቁጥር ሲታይ የተረፉት በድሃው ወገን ይበልጣሉ፤ ሆኖም የድሃው ልጅ አደጋ ከሀብታሙ ጋር ሲነጻጸር ከቀድሞው ከፍ ብሏል።» ዐረፍተ ነገሩ ረዝሟል፤ ነገር ግን የሚያምኑት ሰው ቃል ይመስላል።

ምክንያቱን እስከ ሥሩ መከተል

ንግግሩ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ስለሆነ የዝግጅቱ ሰፊ ጊዜ ለዚህ ክፍል ቢሰጥ ይገባል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከቁጥሩ ተነሥቶ «ለምን?» እያሉ ሰው ሊለውጠው ወደሚችል ውሳኔ እስኪደርሱ ድረስ መውረድ ነው።

የእናቶችን ሞት እንያዝ። በዓለም ላይ ለእናቶች ሞት ቀዳሚው ምክንያት ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከባድ የደም መፍሰስ ነው። ለምን ይገድላል? የደም መፍሰሱን ለመከላከል በስፋት የሚሰጠው ኦክሲቶሲን የተባለው መድኃኒት በየቦታው በጥሩ ይዞታ ስለማይገኝ። ለምን? ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ ስላለበት፣ ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ጤና ጣቢያ ፍሪጁ ሲጠፋ መድኃኒቱ ኃይሉን ስለሚያጣ። መብራቱስ ለምን ይቆራረጣል? እዚህ ላይ ጥያቄው ከሐኪሙ እጅ ወጥቶ የኃይል አቅርቦትንና በጀትን ወደሚወስኑ ሰዎች ጠረጴዛ ደርሷል። የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሥልጣን የሚያዳምጥ ከሆነ ንግግሩ አድራሻውን ያገኘው በዚህ ቅጽበት ነው። ይህ ሰንሰለት ሌላም ጥቅም አለው፤ አንዱ ቀለበት ሊቆረጥ እንደሚችል ማሳየት ያስችላል። ሙቀት የሚቋቋም ካርቤቶሲን የተባለ መድኃኒት በ10 አገሮች ወደ 30,000 በሚጠጉ ሴቶች ላይ ከኦክሲቶሲን ጋር ተነጻጽሮ ተሞክሮ ውጤቱ በ2018 ታትሟል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ባወጣው ምክረ ሐሳብ ውስጥ አካትቶታል። አድማጭ መውጫ ያለው ችግር ሲነገረው ይነቃቃል፤ መውጫ የሌለው ከሆነ ስልኩን ያወጣል።

ሰንሰለቱን ለማደራጀት በ1994 ሴሪን ታዴየስና ዲቦራ ሜን ያቀረቡት የሦስቱ መዘግየቶች ማዕቀፍ በጣም ይረዳል፦ ሕክምና ለመሻት በመወሰን ላይ ያለ መዘግየት፣ ወደ ሕክምና ተቋም በመድረስ ላይ ያለ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና በማግኘት ላይ ያለ መዘግየት። ብዙ ተናጋሪዎች በመጀመሪያው ላይ ብቻ ይቆሙና ሳያውቁት እናቲቱንና ቤተሰቧን ተጠያቂ ያደርጋሉ። ሁለተኛው መንገድንና አምቡላንስን፣ ሦስተኛው ደምን፣ መድኃኒትንና የሠለጠነ ሰውን ይመለከታል። ደግሞም የመጀመሪያው መዘግየት ራሱ ብዙ ጊዜ የሦስተኛው ውጤት ነው፤ ጎረቤቷ ሆስፒታል ደርሳ ሳትታከም እንደሞተች የምታውቅ ሴት ለመሄድ ብታመነታ ድንቁርና ሊባል አይገባም።

የሰው ታሪክ፣ በባለቤቱ ፈቃድ

በሐምሌ 2000 በደቡብ አፍሪካ ደርባን በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ ላይ ዳኛ ኤድዊን ካሜሮን ያደረጉት ንግግር ለዚህ ዓይነት መድረክ ጥሩ ትምህርት ነው። ዳኛው ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰው ነበሩ። በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች መድኃኒት አጥተው በሚሞቱበት አህጉር፣ እሳቸው በሕይወት ቆመው የሚናገሩት በወር 400 ዶላር ገደማ ለመድኃኒት መክፈል ስለቻሉ መሆኑን ለጉባኤው ነገሩት። የንግግሩ ኃይል ከየት መጣ? ታሪኩ የራሳቸው ነው፤ ምክንያቱን፣ ማለትም ዋጋን፣ በስም ጠርቷል፤ ርኅራኄንም አልጠየቀም። ዋጋም ሊለወጥ የሚችል ነገር መሆኑ ብዙ ሳይቆይ ታየ። ቀድሞ ለአንድ ሰው በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ይጠይቅ የነበረውን የሦስት መድኃኒቶች ሕክምና ሲፕላ የተባለው የህንድ ኩባንያ በ2001 በ350 ዶላር ለማቅረብ ሐሳብ አቀረበ።

የሌላ ሰው ታሪክ ሲነገር ጥንቃቄው ይበዛል። ባለታሪኩ ታሪኩ የት፣ ለማን፣ በምን ቋንቋ እንደሚነገር፣ ተቀርጾ በኢንተርኔት ሊሰራጭ እንደሚችልም ተነግሮት መፍቀድ አለበት፤ በሕክምና አልጋ ላይ እያለ የተፈረመ ወረቀት በቂ ፈቃድ ነው ብዬ አላምንም። ስም መቀየር ብቻውን ሰውን አይሸሽግም፤ መንደሩ፣ ሙያውና የሕመሙ ዓይነት አንድ ላይ ከተነገሩ የሚያውቁት ሁሉ ይለዩታል። የተራቆተ ወይም የሚያለቅስ ሕፃን ፎቶግራፍ ደግሞ ይቅር። ተናጋሪው ራሱን ለመፈተን ከፈለገ «ባለታሪኩ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ቢሆን ይህን በዚሁ አነጋገር እለው ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። «ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ እንሁን» የሚለውም የተለመደ አባባል ባይነሳ እመርጣለሁ፤ ሰዎቹ ሲናገሩ ኖረዋል፤ የሚሻለው ከተቻለ የመድረኩን ግማሽ ጊዜ ለእነሱው መስጠት ነው።

በማኅበረሰብ ፊት ሲናገሩ

ከውጭ መጥቶ ለማኅበረሰብ መናገር ከጉባኤ ንግግር የተለየ ሥራ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ከ2014 እስከ 2016 የዘለቀው የኢቦላ ወረርሽኝ ከ28,600 በላይ ሰዎችን ይዞ ከ11,300 በላይ ገድሏል፤ በጤና ተግባቦት ረገድ የተወው ትምህርትም ከባድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት መልእክቶቹ በሽታው መድኃኒት እንደሌለው አጥብቀው ይናገሩ ነበር። ዓላማው ማስጠንቀቅ ነበር፤ ነገር ግን መድኃኒት ከሌለ በሽተኛውን ወደ ሕክምና ማዕከል መውሰድ ለምን ያስፈልጋል? በላይቤሪያ ዋና ከተማ በሞንሮቪያ አስከሬን እንዲቃጠል መታዘዙም አንዳንድ ቤተሰቦች በሽተኞቻቸውን እንዲደብቁና በስውር እንዲቀብሩ ገፋፋቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሃይማኖት ተቋማትና ከሌሎች አጋሮች ጋር አዘጋጅቶ በኅዳር 2014 ያወጣው የቀብር መመሪያ ከጥንቃቄው ጎን ክብርንም አስገባ፤ ቤተሰቡ በርቀት ሆኖ ቀብሩን እንዲከታተል፣ ጸሎት እንዲደረግ ፈቀደ።

ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ነገር በማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ ከመናገር በፊት መጠየቅ ነው። «ስለዚህ በሽታ ምን ሰምታችኋል? ከባዱ የትኛው ነው?» ብሎ ጀምሮ መልሱን በትዕግሥት ማዳመጥ ከተመደበው ጊዜ ሲሶውን ቢወስድም አይባክንም። የሚሰጠውም ምክር ሰዎች ባላቸው አቅም ሊፈጸም የሚችል መሆን አለበት፤ ውሃ በሌለበት ሰፈር «እጃችሁን ደጋግማችሁ ታጠቡ» ማለት ተናጋሪው ሰፈሩን እንደማያውቅ ማስታወቅ ነው።

ስላይድ፣ ጊዜና አስተርጓሚ

በስላይድ ላይ ብዙ መናገር አልፈልግም፤ አንድ ስላይድ አንድ ሐሳብ ብቻ ይያዝ፣ ከኋላ ወንበር የማይነበብ ጽሑፍም አይግባበት። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በክራይሚያ ጦርነት ስለሞቱት የብሪታንያ ወታደሮች በ1858 ያወጡት ሥዕላዊ መግለጫ ዛሬም አርአያ የሚሆነው፣ በመከላከል ሊቀር ይችል በነበረ በሽታ የሞቱትን በአንድ ቀለም፣ በቁስል የሞቱትን በሌላ ቀለም ለይቶ በማሳየቱ ነው። የሚያየው ሰው ጥያቄው የጦር ሜዳ ሳይሆን የንጽሕና መሆኑን ወዲያው ይረዳል።

ጊዜን በተመለከተ ጽሑፉን በተለመደው ድምፅዎ ጮክ ብለው አንብበው በሰዓት ይለኩ፤ በዐይን ማንበብ ሁልጊዜ ያታልላል። ከተሰጠዎት ጊዜ አንድ ስድስተኛውን ለዝምታ፣ ለሳቅና ለማይክሮፎን ብልሽት ይተዉ። ንግግሩ በአስተርጓሚ የሚተላለፍ ከሆነ ጽሑፉን፣ ቢያንስ የቁጥሮችንና የሙያ ቃላትን ዝርዝር፣ ቀድመው ይላኩለት። በተራ እየተፈራረቁ የሚናገሩ ከሆነ ሐሳቡ ሲሞላ እንጂ በዐረፍተ ነገር መካከል አይቁሙ፤ ጊዜውም በእጥፍ እንደሚሄድ አስበው ጽሑፉን በግማሽ ይቀንሱ። ተረትና ምሳሌ፣ የቃላት ጨዋታም በትርጉም ስለሚጠፋ እንዲህ ባለው መድረክ ባይገባ ይሻላል።

ከባድ ጥያቄ ሲመጣ

ሦስት ዓይነት ጥያቄዎች በየመድረኩ ይመላለሳሉ። የመጀመሪያው «ሰዎቹስ ራሳቸው ተጠያቂ አይደሉም ወይ?» የሚለው ነው። ጠያቂውን ማሳፈር አያስፈልግም፤ የግል ምርጫ መኖሩን ተቀብሎ ምርጫው በምን መካከል እንደነበረ ማሳየት ይበቃል። የኋይትሆል ጥናት እዚህም ያገለግላል፤ እንደ ሲጋራ ማጨስና የደም ግፊት ያሉት የታወቁ አጋላጭ ነገሮች በልብ በሽታ ሞት ላይ ከታየው የእርከን ልዩነት ማስረዳት የቻሉት ከፊሉን ብቻ ነበር። ሁለተኛው «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚለው ነው፤ ይህ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ሊልዎት ይገባል፣ ጠያቂው ጉዳዩን ከቁም ነገር ቆጥሮታልና። ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ካወቁ ይናገሩ፤ ካላወቁ በግምት አይመልሱ።

ሦስተኛው በጥያቄ መልክ የሚመጣ የተሳሳተ መረጃ ነው። እውነቱን አስቀድመው ይናገሩ፤ የተሳሳተውን አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅሰው ለምን እንደማይሆን ያስረዱ፤ ከዚያ ወደ እውነቱ ተመልሰው ይጨርሱ። ለምሳሌ ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚል ቢነሳ በብዙ አገሮች በሚሊዮን በሚቆጠሩ ሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግንኙነት እንዳላገኙ በመግለጽ ይጀምሩ። ወሬው የተስፋፋው በ1998 ላንሴት በተባለው መጽሔት በወጣ ጽሑፍ መሆኑን፣ መጽሔቱም በ2010 ጽሑፉን መሰረዙን ያክሉ፤ ከዚያም ክትባቱ ከኩፍኝ ወደሚያድነው ሕፃን ይመለሱ። ጠያቂውን «አላዋቂ» ማለት በአዳራሹ ውስጥ ያንኑ ጥርጣሬ ይዘው ዝም ያሉትን ሁሉ ማስቀየም ነው።

ከመድረክ ከወረዱ በኋላ የቁጥሮቹን ምንጭና ዓመት የያዘ አንድ ገጽ ለአዘጋጆቹ ይስጡ። የተሳሳተ ቁጥር ተናግረው እንደሆነ በዚያው ቀን በጽሑፍ ያርሙ፤ ንግግር በሌሎች ሰዎች ሪፖርት ውስጥ ገብቶ ረጅም ዕድሜ ሊኖረው ይችላልና። መጀመሪያ በወረቀት የሞሉትን ዐረፍተ ነገር ደግሞ አይጣሉት፤ ሪፖርቱን ለይተው እንዲያወጡ የጠየቋቸው ሰዎች ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ማውጣት አለማውጣታቸውን ደብዳቤ ጽፈው ይጠይቁ።